«ሲ.አር.ፒ. ከፍ ብሏል» ሲባል፦ በአንጎል ውስጥ ደም ከፈሰሰ በኋላ የደም ምርመራ ምን ይነግረናል?

ለዛሬ የመረጥነው ርዕስ ሲሰሙት የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን አባቱ፣ እናቱ ወይም የትዳር አጋሩ በአንጎል ውስጥ ደም ፈሶ ሆስፒታል የተኛበት ቤተሰብ ሁሉ የሚገጥመው ነው። የላቦራቶሪ ወረቀት ይዘው ወደ መድኃኒት ቤት መስኮት በመምጣት «ሲ.አር.ፒ. ከፍ ብሏል አሉን፤ ኢንፌክሽን ነው ማለት ነው? ጠንከር ያለ መርፌ ስጪን» የሚሉ አስታማሚዎች ብዙ ናቸው። ጭንቀታቸው የሚገባ ነው። ሆኖም ያ ቁጥር የሚናገረውንና የማይናገረውን አለመለየት ለማያስፈልግ ወጪ ይዳርጋል፤ ከዚህም በላይ ቤተሰቡ በገዛ እጁ ሊከላከለው የሚችለውን አደጋ ይጋርድበታል።

ሰክታ፣ ጀልጣ፣ ስትሮክ

ስትሮክ የምንለው በሽታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ቧንቧ በረጋ ደም ሲደፈን የሚከሰት ሲሆን፣ ሁለተኛው ቧንቧው ፈንድቶ ደም ሲፈስ ነው። ዓረቦች በሽታውን «ሰክታ» ይሉታል፤ ኢብኑ ሲናም «አል-ቃኑን» በተሰኘው የሕክምና መጽሐፉ በዚሁ ስም ጽፎበታል። ከዓረብ አገር የተመለሱ ወገኖቻችን ግን ብዙውን ጊዜ «ጀልጣ» ሲሉ እንሰማለን። ጀልጣ የረጋ ደም ማለት ነው። እዚህ ላይ ስሙ አደጋ አለው። ለተደፈነ ቧንቧ ሐኪም የሚያዘው አስፕሪን ደም እየፈሰሰበት ላለ ሰው ጉዳት ነውና «ጀልጣ ነው» ብሎ አስፕሪን ማቀበል አይገባም። ሁለቱን በእርግጠኝነት የሚለየው የሲቲ ስካን ምርመራ እንጂ የበሽተኛው መልክ አይደለም።

የአንድ ሰው ፊት በድንገት ወደ አንድ ጎን ሲጣመም፣ እጁ ወይም እግሩ ሲዝል፣ ንግግሩ ሲኮላተፍ፣ ወይም ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀው ኃይለኛ ራስ ምታት ሲመታው «ምች ነው»፣ «ጂን ነው» እያሉ ሰዓት ማባከን ሕይወት ያስከፍላል። ሩቅያ የሚያደርግ ሰው ወደ ሆስፒታል በሚወስደው መኪና ውስጥ ሆኖ መቅራት ይችላል።

ደሙ ከፈሰሰ በኋላ

ክንዳችሁ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ ሲበልዝ ምን እንደሚሆን አስታውሱ። መጀመሪያ ያብጣል፣ ይጠቁራል፤ ከቀናት በኋላ ወደ አረንጓዴና ቢጫ ተለውጦ ይጠፋል። ይህ ከቧንቧው ያመለጠውን ደም ሰውነት ሲያጸዳ የሚታይ ሥራ ነው። በአንጎልም ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ ይካሄዳል። ልዩነቱ፣ አንጎል በራስ ቅል አጥንት የታጠረ በመሆኑ እብጠቱ የሚሄድበት ቦታ የለውም።

የፈሰሰው ደም በመጀመሪያ ቦታ ይዞ አንጎሉን ይጫናል። ቀጥሎ ቀይ የደም ሴሎች ሲፈርሱ ሂሞግሎቢንና ብረት ይለቃሉ፤ እነዚህም የአንጎል ሴሎችን ይመርዛሉ። በአንጎል ውስጥ የጥበቃ ሥራ ያላቸው ማይክሮግሊያ የተባሉ ሴሎች በሰዓታት ውስጥ ይነቃሉ። ከደም ውስጥም ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቦታው ይተማሉ። ይህ ሁሉ በሕክምና ቋንቋ ብግነት ይባላል። ልብ በሉ፣ ብግነት ማለት ጀርም ገብቷል ማለት አይደለም። ይህን የያዘ አንባቢ የቀረውን በቀላሉ ይረዳል።

ብግነቱ ፍርስራሹን ያጸዳል፤ ሲበዛ ደግሞ በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ክፍል ያሳብጣል። እብጠቱ በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት በፍጥነት የሚጨምር ሲሆን፣ ከዚያ በዝግታ እስከ 2 ሳምንት ሊቀጥል ይችላል። «ሲገባ ያወራ ነበር፤ በ3ኛው ቀን ግን እንቅልፍ እንቅልፍ አለው» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እንዲህ ያለው መፍዘዝ «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» ተብሎ የሚታለፍ ሳይሆን ወዲያውኑ ለነርሷ የሚነገር ነው።

ወረቀቱን እናንብብ

ሲ.አር.ፒ. ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 በኒው ዮርክ የሮክፌለር ተቋም ዊልያም ቲሌት እና ቶማስ ፍራንሲስ የተባሉ ተመራማሪዎች በሳንባ ምች በሽተኞች ደም ውስጥ አገኙት። በሳንባ ምች ይገኝ እንጂ የጀርም ምልክት ብቻ አይደለም። ጉበት ይህን ፕሮቲን የሚያመርተው በሰውነት ውስጥ በየትኛውም ቦታ ብግነት እንዳለ መልእክት ሲደርሰው ነው። የመልእክቱ ምንጭ ጀርም ይሁን ስብራት፣ ቀዶ ሕክምና ይሁን የፈሰሰ ደም ለይቶ አይናገርም። ከሩቅ እንደሚታይ ጭስ ነው፤ የማን ቤት እንደሚቃጠል ግን አይነግራችሁም።

በብዙ ላቦራቶሪዎች በአንድ ሊትር ደም ከ5 ወይም ከ10 ሚሊግራም በታች ከሆነ ጤናማ ይባላል። መንስኤው ከተከሰተ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ መጨመር ይጀምርና በ2ኛው ቀን ገደማ ጣሪያ ይደርሳል። መንስኤው ሲቆም ደግሞ በየ19 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ነጠላ ቁጥር ብዙ አይናገርም፤ የሚናገረው አካሄዱ ነው። ለምሳሌ በ2ኛው ቀን 60 ሆኖ በ4ኛው ቀን 25 ከደረሰ፣ ከራሱ ከደም መፍሰሱ የመጣው ብግነት እየበረደ ነው ማለት ይቻላል። ያው ሰው በ6ኛው ቀን 140 ከተባለ ግን አዲስ ነገር ሳይፈጠር አይቀርም። ያን ጊዜ ሐኪሙ ሳንባውን፣ ሽንቱንና ግሉኮስ የተተከለበትን ደም ሥር ይፈትሻል።

በዚህ አጋጣሚ መለኪያውንም ተመልከቱ። አንዱ ላቦራቶሪ በሊትር፣ ሌላው በዴሲሊትር ይጽፋል። በዴሲሊትር 4.8 ሚሊግራም የተባለው በሊትር 48 ነው። ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግተው «አሥር እጥፍ ሆነ!» ብለው የሚደነግጡ አሉ፤ የተለወጠው ላቦራቶሪው እንጂ በሽተኛው አይደለም።

ሁለተኛው የነጭ የደም ሴል ቆጠራ ነው። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ጤናማ ነው ይባላል። አንጎል ሲጎዳ ሰውነት በሚረጨው የጭንቀት ሆርሞን ብቻ ይህ ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል። ዴክሳሜታዞን የሚወስድ ሰውም ያለ አንዳች ጀርም ቁጥሩ ይጨምራል። ሐኪሞች ከጠቅላላው ቁጥር ይልቅ የኒውትሮፊሉን ብዛት ለሊምፎሳይቱ አካፍለው ያያሉ። በጤነኛ ሰው ላይ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ባለው ውስጥ ነው። ከአንጎል ደም መፍሰስ በኋላ ግን ኒውትሮፊሉ ሲጨምር ሊምፎሳይቱ ይቀንሳል። የሊምፎሳይቱ መቀነስ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል፤ የተጎዳ አንጎል የሰውነትን የመከላከል አቅም ያዳክማል። ማለትም በሽተኛው በአንድ ወገን ብግነቱ ጨምሮበት፣ በሌላ ወገን ለኢንፌክሽን የተጋለጠ ሆኖ ነው የተኛው።

ኢ.ኤስ.አር. የሚባለው ምርመራ በዚህ ሁኔታ ብዙም አይጠቅምም፤ ዘገምተኛ ከመሆኑ በላይ የደም ማነስና ዕድሜ ያዛቡታል። ፕሮካልሲቶኒን የተባለው ደግሞ በባክቴሪያ የሚመጣን ኢንፌክሽን ከሌላው ብግነት በመለየት ከሲ.አር.ፒ. ይሻላል፤ ነገር ግን ዋጋው ከፍ ያለ ሲሆን በየላቦራቶሪው አይገኝም።

በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እነዚህ ቁጥሮች በጣም ከፍ ባሉባቸው በሽተኞች ላይ እብጠትም፣ የሳንባ ምችም፣ የአካል ጉዳትም እንደሚበዛ አሳይተዋል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን አብሮ መታየት አንድ ነገር፣ መንስኤ መሆን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ደም የፈሰሰበት ሰው ብግነቱም ይበዛል፣ ጉዳቱም ይከፋል። ቁጥሩን ለማውረድ ብቻ ተብሎ የሚሰጥ መድኃኒት የለም። አጀል ደግሞ በአላህ እጅ እንጂ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የተጻፈ አይደለምና ከቁጥር ተነስቶ «በቃ አለቀለት» ማለት ሐኪምም ቤተሰብም ሊዳፈረው የማይገባ ነው።

በጉሮሮ በኩል የሚመጣው አደጋ

ከደም መፍሰስ በኋላ የሚከተሉ ችግሮች ብዙ ናቸው። የሽንት ቱቦ ለረጅም ቀን ሲቆይ ኢንፌክሽን ያስከትላል፤ ሳይገላበጥ የተኛ ሰው ይቆስላል፤ በእግር ደም ሥር ደም ሊረጋ ይችላል። የአንጎል ውኃ መፍሰሻ ተዘግቶ ውኃ ሊጠራቀምም ይችላል። ደሙ በአንጎሉ ሽፋን ሥር የፈሰሰ ከሆነ ደግሞ ከ4ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ ቧንቧዎች ተኮማትረው ሌላ ጉዳት ሊያደርሱ ይችላሉ። ለዚህ የሚታዘዘው ኒሞዲፒን የተባለ መድኃኒት በየ4 ሰዓቱ ለ21 ቀናት ስለሚሰጥ «ሌሊት ነው፣ አንቀስቅሰው» ተብሎ አይዘለልም።

ከሁሉም ግን ሰፋ አድርገን የምናየው የሳንባ ምች ነው። ምክንያቱም የቤተሰብ እጅ አለበት።

አንጎሉ የተጎዳ ሰው የመዋጥ ችሎታው ይዛባል። ውኃ ወይም ምራቅ ወደ ጨጓራ መሄዱን ትቶ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ጤነኛ ሰው ትን ሲለው ያስላል፤ የእርሱ ሳል ግን ደክሟል፣ አንዳንዴም ጨርሶ የለም። ስለዚህ ፈሳሹ በዝምታ ይወርዳል። በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ይነሳል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ሲ.አር.ፒ.ውም ሽቅብ ይወጣል። ቤተሰቡ የቁጥሩን መውጣት ያያል፤ ከሁለት ቀን በፊት ያጠጣውን ግን አያስታውስም።

የሚጠጣው ምን ይሆን? ዘምዘም፣ ማር በጥቁር አዝሙድ፣ አጥሚት፣ አንዳንዴ ቁርኣን የተቀራበት ውኃ። ሁሉም ከፍቅር የመጣ ነው። የዘምዘምን በረካ የሚጠራጠር ሙስሊም የለም፤ የማርንና የጥቁር አዝሙድን ጥቅምም ሸሪዓችን መስክሯል። ጥያቄው ስለ ውኃው ሳይሆን ስለሚሄድበት መንገድ ነው። በረካ ያለው ውኃም ሳንባ ውስጥ ሲገባ ውኃ ነው። ዘምዘሙን ፊቱ ላይ አብሱለት። የምግብ ቱቦ ተደርጎለት ከሆነም ሐኪሙን አስፈቅዳችሁ በቱቦው ስጡት።

በሽተኛን ምግብና መጠጥ በግድ ከማስወሰድ የሚከለክል ሐዲስ ቲርሚዚና ኢብኑ ማጃህ ዘግበዋል። ከዚህም ሌላ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ አንድ ክስተት አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመጨረሻ ሕመማቸው ወቅት አጠገባቸው የነበሩት ሰዎች በአፋቸው ጎን መድኃኒት አፈሰሱላቸው። እርሳቸው እንዳያደርጉ በምልክት ቢነግሯቸውም፣ በሽተኛ መድኃኒት ሲጠላ የሚያደርገው ነው ብለው አስበው ነበር። ሲነቁ ወቀሷቸው። ሐዲሱ ስለ ስትሮክ አይደለም፤ ሆኖም በተኛ ሰው አፍ ውስጥ ያለ ፈቃዱ ነገር ማፍሰስ ፍቅር ቢሆንም እንኳ ተገቢ እንዳልሆነ ያስተምረናል።

የመዋጥ ችሎታውን ነርሷ ወይም ሐኪሙ በትንሽ ውኃ ፈትነው «ይችላል» እስኪሉ ድረስ በአፍ ምንም አይሰጥም። ሲፈቀድም በመጀመሪያ የሚከብደው ጠንካራ ምግብ ብቻ ይመስለናል። ውኃና ሻይ ግን ቀጫጭን በመሆናቸው ከማንም ፈጥነው ወደ ሳንባ ይሾልካሉ፤ ወፈር ያለ አጥሚት ብዙ ጊዜ ይቀላል። በሽተኛው ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አድርጎ፣ በትንሽ ማንኪያ ይጉረስ፤ ከበላም በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይተኛ።

የአፍ ንጽሕናም እንዲሁ ነው። ለቀናት ያልጸዳ አፍ የጀርም ማደሪያ ይሆንና ከምራቅ ጋር ወደ ሳንባ ይወርዳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወታቸው ልታልፍ ስትል እንኳ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ባለሰለሰችላቸው ሲዋክ ጥርሳቸውን እንደፋቁ ይታወቃል። ራሱን ለማያውቅ በሽተኛ ግን የእንጨቱ ጭረት ተሰብሮ እንዳይገባ በለስላሳ ብሩሽ ወይም ተጨምቆ እርጥበት ብቻ በቀረው ፋሻ ማጽዳት ይመረጣል።

«መርፌ ስጪን»

አንቲባዮቲክን አስቀድሞ መስጠት የሳንባ ምችን ይከላከል እንደሆነ በሚገባ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ታትመዋል። በኔዘርላንድስ ከ2,500 በላይ የስትሮክ በሽተኞች የተሳተፉበት ጥናት ሴፍትሪአክሶንን ለ4 ቀናት ሰጥቶ ሲያይ የሽንት ኢንፌክሽን ቢቀንስም የሳንባ ምቹ አልቀነሰም፤ በሽተኞቹም ከሌሎቹ የተሻለ አላገገሙም። በእንግሊዝ መዋጥ ባቃታቸው በሽተኞች ላይ የተደረገውም ከዚህ የተለየ ውጤት አላገኘም። ስለዚህ ኢንፌክሽኑ ሲታወቅ ሐኪሙ ያክመዋል፤ «ለጥንቃቄ» ተብሎ የሚወጋው ግን መድኃኒቱን የለመደ ጀርም ያፈራል እንጂ በሽተኛውን አያተርፍም።

ዴክሳሜታዞንም እንዲሁ። «ብግነት ካለ ብግነት ማጥፊያ ይሰጠው» ማለት ትክክል ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1987 በታይላንድ በተደረገ ጥናት ግን መድኃኒቱ የሞት ቁጥርን አልቀነሰም፤ ይልቁንም ኢንፌክሽንና የስኳር መዛባት ስለበዛ ጥናቱ እንዲቆም ተደርጓል።

ታዲያ የሚጠቅመው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2023 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የታተመ፣ በ10 አገሮች ከ7,000 በላይ የአንጎል ደም መፍሰስ በሽተኞችን ያካተተ ጥናት መልስ ሰጥቷል። የደም ግፊትን ቶሎ ማውረድ፣ ስኳርን መቆጣጠር፣ ትኩሳትን ማብረድና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ሲወስድ ለነበረ ሰው ማርከሻ መስጠት በአንድነት ሲተገበሩ ሞትና የአካል ጉዳት ቀንሷል። ብዙ ወጪ የሌለባቸው ነገሮች ናቸው። በመሆኑም አስታማሚ ሐኪሙን «ሲ.አር.ፒ.ው ስንት ሆነ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ግፊቱ፣ ስኳሩና ትኩሳቱ ዛሬ ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይበልጥ ይጠቀማል። ለትኩሳቱም ፓራሲታሞል እንጂ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥ።

በቱቦ ለሚመገቡ

በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ የሚመገብ ሰው ራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ይበል። ምግቡ በደንብ የተጠለለ ይሁን፤ ከምግቡ በፊትና በኋላ ቱቦው በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። ብግነት ያለበት ሰውነት ጡንቻውን ያቃጥላልና ጭማቂና ጣፋጭ ሻይ ብቻ ማመላለስ ስኳሩን ከፍ ከማድረግ በስተቀር አይጠግነውም። ወተት፣ የተጠለለ የእህል አጥሚትና የሥጋ መረቅ ይግቡበት፤ መጠኑን ሐኪሙ ይወስን።

አንድ የሙያ ጉዳይ ልጨምር። ሁሉም ክኒን ተፈጭቶ በቱቦ አይሰጥም። ቀስ በቀስ እንዲሟሟ ተደርጎ የተሠራ የግፊት ክኒን፣ ለምሳሌ «ሪታርድ» የሚል የተጻፈበት ኒፌዲፒን፣ ከተፈጨ የቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቅና ግፊቱን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳል። ሙቀጫ ከማንሳታችሁ በፊት መድኃኒቱን የሸጠላችሁን ባለሙያ ጠይቁ፤ በሌላ የሚተካ ወይም በፈሳሽ መልክ የሚገኝ ሊኖር ይችላል።

የሕሙማን ዚያራም ትልቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው። ነገር ግን የመከላከል አቅሙ በደከመ ሰው አልጋ ዙሪያ አሥር ሰው መቆም፣ ጉንፋን ይዞ መምጣት፣ እጅ ሳይታጠቡ መጨበጥ ይጎዳዋል። ተራ በተራ፣ አጠር አድርጎ፣ ታጥቦ መግባት ይሻላል።

በሽተኛው በአላህ ፈቃድ አገግሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ የግፊት መድኃኒቱ አብሮት ይመለሳል። «ተሽሎኛል» ብሎ ማቆም ለሁለተኛ የደም መፍሰስ በር ይከፍታል። በረመዳን ደግሞ ሕመምተኛ እንዳይጾም በሱረቱል በቀራ 184ኛና 185ኛ አንቀጽ የተሰጠው ፈቃድ ለእርሱም ነው። ሐኪሙ መጾም ትችላለህ ካለውም መድኃኒቱ ወደ ሱሑርና ኢፍጣር እንዲዛወር ወይም በቀን አንዴ በሚወሰድ እንዲተካ ጾሙ ከመግባቱ ሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ይነጋገርበት፤ ግፊቱም በአዲሱ ሰዓት ተለክቶ ይታይ።